ብረት ላይ ኪሎ መቼ፣ በስንት ይጨመራል?

ሰፈራችን ውስጥ የመጀመሪያው ጂም አንድ የውሃ ቧንቧና ሁለት የቀለም ጣሳ ነበር። ጣሳዎቹ በሲሚንቶና በጠጠር ተሞልተው ቧንቧው ሁለት ጫፍ ላይ ደርቀዋል። ስንት ኪሎ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ማንሳት የቻለ ያነሳል፣ ያልቻለ ግድግዳ ተደግፎ ያያል። እኔ ያንን ብረት ሁለት ዓመት አነሳሁት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ክንዴም ደረቴም ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ቀጥ አለ። ላቤ እየፈሰሰ ብሠራም ምንም አልጨመርኩም። ምክንያቱ አሁን ይገባኛል፤ ብረቱ አይጨምርም ነበር። ሰውነት ደግሞ የለመደውን ሥራ ብቻ እየሰጡት የሚለወጥበት ምክንያት የለውም።

በኋላ ደህና ጂም ስገባ የዚህን ተቃራኒ ስህተት ሠራሁ። ቤንች ፕሬስ ላይ፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት ላይ፣ 60 ኪሎ በደንብ እገፋ ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ ያሉት ልጆች 80 ጭነው ሲሠሩ እኔም 80 ጫንኩ። ሁለቴ ገፋሁት። ሦስተኛው ላይ ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማኝ። ለአራት ወር ሸሚዝ ስለብስ እጄን ወደ ኋላ መመለስ አልቻልኩም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጂም ውስጥ የሚያስቸግረው ግን «ቀስ» ማለት ስንት ኪሎ ነው፣ በስንት ቀን ነው የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ለዚህ ጥያቄ ቁጥር ያለው መልስ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የዲስክ መንሸራተት ያለበት ሰው ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት መጀመሪያ ሐኪም ታማክር፣ ያማክር። ይህን ለወጉ ያህል እየተናገርኩ አይደለም። ከባድ ነገር ሲነሳ የደም ግፊት ለአፍታ በጣም ይወጣል።

1. እንቅስቃሴ አታብዙ

ጀማሪ ሰው አሥራ አምስት ዓይነት እንቅስቃሴ አያስፈልገውም። አምስት ይበቃል፦ ስኳት፣ ዴድሊፍት፣ ቤንች ፕሬስ፣ ሮው እና ሾልደር ፕሬስ። መቀመጥና መነሳት፣ ከመሬት ማንሳት፣ ወደ ፊት መግፋት፣ ወደ ራስ መሳብ፣ ወደ ላይ መግፋት ማለት ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ሥሩ፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እረፍት ይኑር። ሰኞ ስኳት፣ ቤንችና ሮው። ረቡዕ ዴድሊፍትና ሾልደር ፕሬስ። ዓርብ የሰኞውን ድገሙ። በሚቀጥለው ሳምንት በረቡዑ ጀምሩ።

ቢስፕ (የክንድ ጡንቻ) መሥራት የሚወድ ሰው መጨረሻ ላይ ሁለት ዙር ይጨምር፣ ክልክል አይደለም። ዋናው ነገር እነዚያን አምስቱን ለወራት አለመቀየር ነው። በየሳምንቱ አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው መጨመሩን በምን ያውቃል? ካለፈው ጋር የሚያነጻጽረው ነገር የለውም።

2. መነሻችሁን ፈልጉ

በባዶ ባር፣ ማለትም ክብደት ባልተጫነበት ዘንግ ጀምሩ። ለውድድር የሚያገለግለው የወንዶች ባር 20 ኪሎ፣ የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው። ብዙ ጂሞቻችን ውስጥ ያለው ግን አጠር ያለና ኪሎው ያልተጻፈበት ነው። ስለዚህ ሚዛን ላይ ብቻችሁን ውጡ፣ ቀጥሎ ባሩን ይዛችሁ ውጡ፣ ልዩነቱን ጻፉ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ብረቱ በፓውንድ ነው የሚመጣላችሁ። የ45 ፓውንዱ ባር 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ብላችሁ አስሉት።

ባዶውን ባር ስምንት ጊዜ ሥሩ። ቀላል ከሆነ ትንሽ ጨምሩ፣ እንደገና ስምንት። ባሩ ሲወጣ ፍጥነቱ መቀነስ የጀመረበት ቦታ ላይ ቁሙ። በዚያ ኪሎ ስምንት ሠርታችሁ «ሁለት ወይም ሦስት መድገም እችል ነበር» የምትሉ ከሆነ መነሻችሁ እሱ ነው። እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ድረስ አትሂዱ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይቀላችኋል። ይቅለላችሁ። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ጉልበት በአብዛኛው ነርቭ ሥራውን ስለለመደ እንጂ ጡንቻው ስላደገ አይደለም። ጅማት ደግሞ ከጡንቻ ቀርፋፋ ነው። ጡንቻችሁ «ጨምርልኝ» ሲል ጅማታችሁ ገና አልደረሰም። የኔ ትከሻ የተጎዳው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

3. ደንቡ

እኔ የምመክረው ይህን ነው። በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሦስት ዙር ሥሩ። በአንድ ዙር ውስጥ፣ ማለትም ሳታርፉ በተከታታይ፣ ከ6 እስከ 10 ድግግሞሽ። በየዙሩ መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ዕረፉ። መጀመሪያ የሚጨምረው ድግግሞሹ ነው፣ ኪሎው አይደለም። ሦስቱንም ዙር 10፣ 10፣ 10 አድርጋችሁ፣ የአሠራሩ ቅርጽ ሳይበላሽ ስትጨርሱ ብቻ ነው ኪሎ የሚጨመረው። ስትጨምሩ ድግግሞሹ ወደ 6 እና 7 ይወርዳል። እንደገና ወደ 10 ትወጣላችሁ።

በስንት? ለቤንች፣ ለሮውና ለሾልደር ፕሬስ በጠቅላላው 2.5 ኪሎ፣ ማለትም በየጎኑ 1.25። ለስኳትና ለዴድሊፍት 5 ኪሎ፣ ማለትም በየጎኑ 2.5። እግርና ወገብ ትልቅ ጡንቻ ስለሆነ የበለጠ ይሸከማል። ከጥቂት ወራት በኋላ እነሱም ወደ 2.5 ይወርዳሉ።

አንድ ሰው ቤንች በ40 ኪሎ ጀመረ እንበል። ሰኞ 8፣ 7፣ 6 ሠራ። ዓርብ 8፣ 8፣ 7። በሚቀጥለው ሳምንት 9፣ 8፣ 8። እንዲህ እያለ በአራተኛው ሳምንት 10፣ 10፣ 10 ደረሰ። አሁን 42.5 ይጭናል። አራት ሳምንት ሙሉ ባሩ ላይ ያለው ብረት አልተለወጠም። ግን የመጀመሪያው ቀን 21 ጊዜ የገፋውን ኪሎ አሁን 30 ጊዜ ገፍቶታል። ይህ እድገት ነው፣ ዓይን ውስጥ ባይገባም።

«ለምን በየሳምንቱ 2.5 አልጨምርም?» የሚል ይኖራል። ሒሳቡን እንሥራው። በዓመት 52 ሳምንት አለ። 52 ጊዜ 2.5 ማለት 130 ኪሎ ነው። በ30 የጀመረ ሰው በዓመቱ 160 ይገፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም። በየሳምንቱ መጨመር ለጀማሪ ለሁለት፣ ለሦስት ወር ይሠራል፤ ከዚያ ያበቃል። የድግግሞሹ መንገድ ግን ረጅም ጊዜ ያስኬዳል።

መጠንን ለክቶ መጨመር ከጂም ብቻ የመጣ ሐሳብ አይደለም። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ቶማስ ዲሎርም የሚባል የአሜሪካ ጦር ሐኪም ቺካጎ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ያክም ነበር። በዘመኑ ጉልበቱ የተጎዳ ሰው በጣም ቀላል ነገር ብዙ ጊዜ እንዲሠራ ነበር የሚታዘዘው። ዲሎርም ከባድ ክብደት በትንሽ ድግግሞሽ ሰጣቸው፣ ሲጠነክሩም ክብደቱን ጨመረላቸው። በኋላ የደረሰበት አሠራር ሦስት ዙር ነበር። አንድ ሰው አሥር ጊዜ ብቻ ማንሳት የሚችለውን ክብደት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዙር በግማሹ፣ ሁለተኛው በሦስት አራተኛው፣ ሦስተኛው በሙሉው። እኔ እስከ ዛሬ ሰውነቴን የማሟሙቀው በዚህ ነው። የዕለቱ ስኳቴ 80 ከሆነ መጀመሪያ 40፣ ቀጥሎ 60፣ ከዚያ ወደ ሥራው።

4. ትንሽ ፕሌት ከሌለ

አብዛኛው ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ጂሙ ውስጥ ትንሹ ፕሌት (ባሩ ጫፍ ላይ የሚገባው ክብ ብረት) 2.5 ከሆነ፣ ባር ላይ የሚጨመረው ትንሹ ክብደት 5 ኪሎ ነው። በባዶ ባር ሾልደር ፕሬስ የምትሠራ ልጅ ከ20 ወደ 25 ትዘላለች ማለት ነው። በአንዴ ሩብ! ደመወዙ ሳይጨምር የቤት ኪራዩ በሩብ እንደ ተጨመረበት ሰው መሆን ነው።

ለዚህ አንድ ቀላል ስሌት አለ። የሠራችሁትን ድግግሞሽ ለ30 አካፍሉ፣ 1 ደምሩበት፣ ውጤቱን በኪሎው አባዙ። የሚመጣው ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት የምትችሉትን ክብደት ይገምታል። ግምት ነው፣ በተለይ ድግግሞሹ ከ10 ሲበልጥ ይዛባል። ግን አቅጣጫ ያሳያል።

ዳምቤል፣ ማለትም በአንድ እጅ የሚያዘውን አጭር ብረት እንውሰድ። በ10 ኪሎ 12 ጊዜ የሚሠራ ሰው ግምቱ 14 ኪሎ ነው። ቀጣዩ ዳምቤል 12.5 ነው። በዚያ ስሌት 12.5ን ሦስት አራት ጊዜ ቢያነሳ ነው። ለዚህ ነው ሰው «12 ደርሻለሁ» ብሎ ቀጣዩን ሲያነሳ ወገቡን እያወዛወዘ የሚታገለው። ግን 10 ኪሎውን እስከ 18 ቢያደርሰው ግምቱ 16 ይሆናል። ያኔ 12.5ን ስምንት ጊዜ በንጹህ ቅርጽ ያነሳዋል። ሾልደር ፕሬስ የምትሠራዋም ባዶውን ባር እስከ 15 ብታደርስ 25ን ስድስት ጊዜ ትገፋለች። ሁለቱም ስሌቱ ላይ 30 ናቸው።

ስለዚህ ዝላዩ ትልቅ በሆነ ቁጥር ከ10 አልፋችሁ 15፣ 18 ድረስ ሂዱ። ሌላው መንገድ ማዘግየት ነው። ብረቱን ስታወርዱ በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ፣ ታች ላይ አንድ ሰከንድ ያዙት። ኪሎው ያው ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። ከተቻለ ደግሞ ሁለት ባለ 1.25 ፕሌት ገዝታችሁ በቦርሳችሁ ይዛችሁ ዙሩ። ከማንኛውም ጓንትና ቀበቶ በፊት እነሱን እገዛለሁ።

5. ጂም ለሌለው

ቢጫው ጀሪካን ከሲሚንቶው ጣሳ ይሻላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። የ20 ሊትሩ ጀሪካን ከ1 እስከ 20 ኪሎ የሚጨምርና የሚቀንስ ብረት ነው። በሁለት እጅ ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ ስኳት ሥሩ። ጎንበስ ብላችሁ ወደ ሆዳችሁ ሳቡት፣ ሮው ሆነ። በ8 ሊትር ጀምሩ፣ ደንቡን ስትጨርሱ አንድ ሊትር ጨምሩ። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ሚዛን ያስታል። ስለዚህ ዝግ ብላችሁ ውረዱ፣ ክዳኑንም አጥብቁ።

20 ሲያልቅ ቦርሳ አለ። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ደረቅ አሸዋ ሲሞላ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቦርሳ ውስጥ አንድ በአንድ እየጨመራችሁ ተሸከሙት። በትክክል ማወቅ ከፈለጋችሁ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። አንዴ ባዶአችሁን፣ አንዴ ቦርሳውን ይዛችሁ ውጡ። ሁለት ጊዜ መዘናችኋልና የሁለት ጊዜ ክፈሏቸው።

ፑሽ አፕም ደረጃ አለው። ግድግዳ ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ መሬት ላይ፣ እግር ወንበር ላይ አድርጎ፣ በመጨረሻ ቦርሳ ተሸክሞ። በእያንዳንዱ ደረጃ ሦስት ዙር 15 ስትጨርሱ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

6. ደብተር ያዙ

ስልክም ይሆናል። እኔ ግን የ50 ገጽ ደብተር እመርጣለሁ፤ ስልክ ከተከፈተ ዕረፍቱ 10 ደቂቃ ይሆናል። የኔ ደብተር አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦

ሰኞ። ስኳት 70፦ 8፣ 8፣ 6። ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ገባ፣ አቆምኩ። ቤንች 50፦ 10፣ 9፣ 9። ሮው 45፦ 10፣ 10፣ 10፣ ለዓርብ 47.5። እንቅልፍ 5 ሰዓት። ምሳ አልበላሁም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከቁጥሮቹ ያላነሰ ይጠቅማሉ። ከወር በኋላ ደብተሩን ስገልጥ መጥፎ ቀኖቼ ሁሉ አጠገባቸው «እንቅልፍ 5 ሰዓት» ተጽፎ አገኘሁት።

ቅርጹ የተበላሸበትን ድግግሞሽ አትቁጠሩ። ስኳት ላይ ግማሽ የወረደ፣ ቤንች ላይ ከደረት ያነጠረ፣ ጓደኛ በሁለት ጣት ያገዘው አይጻፍም። ለሰው የሚታይ ቁጥር አይደለም፤ ቢዋሽ የሚጎዳው ቀጣዩን ሳምንት ነው።

7. ሲቆም

መቆሙ አይቀርም። አንድ ኪሎ ላይ ለሦስት ተከታታይ ልምምድ አንድ ድግግሞሽ እንኳ ካልጨመራችሁ ቆሟል ማለት ነው። አንድ መጥፎ ቀን መቆም አይደለም።

መጀመሪያ ደብተሩን እዩ፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጭንቀት። እነሱ ደህና ከሆኑ ከኪሎው 10 በመቶ ቀንሱ። 60 ከነበረ ወደ 55 ገደማ ውረዱ። ከዚያ በዚያው ደንብ ተመልሳችሁ ውጡ። ብዙ ጊዜ የቆማችሁበትን ቦታ ሳታስተውሉት ታልፉታላችሁ። ከዚህ ሌላ በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ አንድ ቀላል ሳምንት አድርጉ፤ ኪሎው ሳይቀየር ዙሩን ከሦስት ወደ አንድ ወይም ሁለት አውርዱ።

በዚህ ጊዜ ነው «ይቺን መርፌ ተወጋ» የሚል ሰው የሚመጣው። እባካችሁ እንዳትሰሙት። ያለ ሐኪም የሚወሰድ ሆርሞን ልብንና ጉበትን ይጎዳል፣ ወንድን ልጅ እስከ መውለድ ችግር ያደርሳል። የ20 ዓመት ልጅ ለአንድ ክረምት ክንድ ብሎ ይህን መክፈል የለበትም።

8. ምግብና ጾም

ጡንቻ መገንባት የሚፈልግ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው። 65 ኪሎ ለሚመዝን 104 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፣ መቶ ግራም ያልተቀቀለ ምስር ደግሞ ወደ 24። ስለዚህ ምስር፣ ሽሮ፣ ፉል፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ የሚበላ ጾመኛ ፕሮቲን አጣሁ ማለት የለበትም። እንጀራውን ቀነስ፣ ወጡን ጨመር ማድረግ ብቻ ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረመዳንም አንድ ወር። በዚያ ጊዜ ኪሎ ለመጨመር አትታገሉ፣ ያላችሁን ያዙ። ኪሎው ባለበት ይሁን፣ ዙሩን ወደ ሁለት ቀንሱ። ሰዓቱን ወደ መፍቻው አቅርቡት፣ ሠርታችሁ ወዲያው እንድትበሉና እንድትጠጡ። ከፋሲካ ወይም ከዒድ በኋላ ሁለት ሳምንት ስጡት፣ ቁጥሩ ተመልሶ መጨመር ይጀምራል።

9. ሕመምና መቅረት

በማግስቱ ሰውነት ሲተሳሰር፣ ደረጃ ሲወረድ ጭን ሲጠዘጥዝ ችግር የለውም። በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ፣ በአንድ ጎን ብቻ ያለ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ወደ እጅና እግር የሚወርድ ሕመም ግን ሌላ ነው። ያንን እንቅስቃሴ ያኑ ቀን አቁሙ፣ ካልተሻለ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሂዱ። እኔ መጀመሪያ «ይሟሟቃል» ብዬ ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። አራት ወር የሆነው በዚያ ነው።

ቤንች ብቻችሁን ስትሠሩ እስከ መጨረሻው አትሂዱ። የሚያግዝ ሰው ከሌለ የባሩን ጫፍ መቆለፊያ አታድርጉ፤ ባሩ ደረት ላይ ከቀረ ወደ አንድ ጎን አዘንብላችሁ ብረቱን ማፍሰስ ትችላላችሁ።

ለቀራችሁበትም ቁጥር አለ። አንድ ሳምንት ከቀራችሁ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ከሆነ 10 በመቶ ቀንሱ። ከወር በላይ ከሆነ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ጀምሩ፣ በየልምምዱ ጨምሩ። ትከሻዬ ሲሻለው እኔ በባዶ ባር ነበር የጀመርኩት። አጠገቤ ያሉት ልጆች ያኔም 80 ይገፉ ነበር። ደብተሬ ላይ 80 የተጻፈው ከ17 ወር በኋላ ነው፦ «ቤንች 80፦ 6፣ 6፣ 6። ትከሻ ደህና። ዓርብ 7 ልሞክር።»